ዐፊፋ እና የትልቁ ኸልዋ ሰዎች

ዐፊፋ በቀላሉ የምትደነግጥ ሴት አልነበረችም። ይህ አስቀድሞ ይነገርላት፤ አለዚያ የኋላውን የሰማ ሰው «ድሮም ድንጉጥ ነበረች» ብሎ ያማታል።

የተወለደችው ከቶንጎ ወዲያ፣ ኮረብታ በኮረብታ ላይ በሚደራረብበት አገር ነው። ልጅ ሳለች ከእናቷ ጋር ጠባብ የተራራ ጅረት ውስጥ ቁጢጥ ብላ በቅል ወርቅ ታጥብ ነበር። አንድ ቀን ዘንዶ በእግሯ ላይ እየተሳበ ሲያልፍ፣ እስኪያልፍ ጠብቃ ማጠቧን ቀጠለች ይባላል። የጮኸችው እናቷ ናት።

የመጀመሪያ ባሏ የጨው ነጋዴ ነበር። ጨው ሊያመጣ ወደ ሱዳን ቆላ እንደወረደ ሳይመለስ ቀረ። ያ ዘመን ሰው መንገድ ላይ የሚጠፋበት፣ የወሰደውም ማን እንደሆነ ሁሉም እያወቀ የማይናገርበት ዘመን ነው። ዐፊፋ አለቀሰች፣ ጠበቀች፣ በመጨረሻ መጠበቁ ሲመራት ተወችው። ከእሱ የቀራት ነገር ቢኖር ለገበያ የሚበቃ አረብኛና አማርኛ ነው። በባሏ ዘመዶች ቤት ጎንበስ ብላ ማሽላ ስትፈጭ አይቶ ለትዳር የጠየቃት ኻሚስ ነው።

ኻሚስ የአሶሳ አካባቢ የበርታ ሰው ነው፤ ሥራው አህያ መንዳት። ወሬ አያበዛም፤ ሲስቅ እንኳ ድምፅ የለውም፣ ትከሻው ብቻ ይነቃነቃል። አህያ ሲወድ ግን ለጉድ ነው። ጭነት እንዳወረደ የአህያውን ጀርባ ዳብሶ ቁስል መኖር አለመኖሩን ሳያይ ውሃ በአፉ አይዞርም። ዐፊፋ ታሾፍበት ነበር፤ «እኔንም ያገባኸኝ ጆሮዬ ረጅም መስሎህ ነው» ትለዋለች፣ እሱም ትከሻውን ይነቀንቃል። ከአሶሳ ወጣ ብላ ባለች መንደር የቀርከሃ ቤት ሠርተው ገቡ። ልጅ አልመጣም። መንደርተኛው ሌላ ሚስት ጨምር እያለ ሲጎተጉተው ኻሚስ «አህዮቹ ፋታ አልሰጡኝም» ብሎ ያልፈዋል። ዐፊፋ በሕይወቷ ከዚህ የበለጠ የፍቅር ቃል አልሰማችም። እሱ ከሌለ ማንም የላትም፤ ይህን እሷም ታውቀዋለች፣ መንደሩም ያውቀዋል።

አሶሳ ለአዲስ አበባ ወርቅ መገበር ከጀመረች ጥቂት ዓመታት አልፈው ነበር። ወርቅ ባለበት እንግዳ አይጠፋም፤ ነጋዴው፣ ሰላዩ፣ ካርታ ሠሪው ይመላለሳል። በአንድ በጋ ማብቂያ ላይ ግን እስከዚያ ከመጡት ሁሉ የተለዩ አምስት ነጮች መጡ። ወርቅ አልጠየቁም። ዝሆን ጥርስ አልጠየቁም። ሳጥን ብቻ ነው ያላቸው፤ ሳጥን በሳጥን ላይ፣ የሚበዛውም ባዶ። መንደሩ ባዶ ሳጥን ይዞ የመጣን ሰው ምን ብሎ እንደሚፈራ ግራ ገባው።

የአሶሳው ሹም አህያና ወጥ ሠሪ እንዲሰጣቸው አዘዘ፤ ኻሚስ ለአህዮቹ፣ ዐፊፋ ለገንፎው ተቀጠሩ። አስተርጓሚያቸው ቀናው የሚባል ከመተከል የመጣ ሽናሻ ነው። ምጽዋ ውስጥ አንድ የውጭ ነጋዴ ቤት አድጎ ቋንቋቸውን ለምዷል። ከዐፊፋ ጋር የሚግባቡት በአማርኛ ነበር፤ የእሱ አማርኛ የተስተካከለ፣ የእሷ የገበያ።

«ያ ቀናው፣ እነሱ ሰው ከየት መጣ?» አለችው በመጀመሪያው ቀን፣ በአረቦች ወግ «ያ» ብላ ጠርታ።

«ከአንድ ዩኒቨርሲቲ ነው የመጡት፣ እቴ።»

«እሱ ምንድን ነው?»

ቀናው ጺሙን አሻሸ። እሱም ራሱ በቅጡ አያውቀውም፤ አላውቅም ማለት ደግሞ የአስተርጓሚ ሞት ነው። «ትልቅ ኸልዋ በይው» አላት። «ሁሉም እዚያ ተምረው፣ እዚያ የሚያስተምሩ ናቸው።»

ኸልዋ ዐፊፋ የምታውቀው ነገር ነው፤ ልጆች ቁርኣን የሚቀሩበት ቤት። በተወለደችበት መንደር የነበረው ኸልዋ አንድ ፈቂህ የሚባል አስተማሪ፣ አንድ መጽሐፍ ነበረው። ልጆቹ ከእንጨት ሰሌዳቸው ላይ አንዱን ምዕራፍ በአንድ ድምፅ ይጮኹታል። አንዱ ያወቀውን ሁሉም ያውቀዋል፤ አንዱ ቢሳሳት የተቀሩት ከአፉ ነጥቀው ያርሙታል። አምስቱ ከአንድ ኸልዋ ከመጡ ያው አምስት አፍ ያለው አንድ ሰው ናቸው ማለት ነው። በዚህ ነገሩ ገባኝ አለች። በአገሯ ኸልዋ ያየ ሰው ሁሉ እንዲሁ ይለው ነበር፤ ማንም አይፈርድባትም።

ድንጋጤው የጀመረው በማግስቱ ነው። ሽበታሙ ሰውዬ ድንጋይ በመዶሻ ፈልጦ፣ ፍላጩን አፍንጫው ሥር አድርጎ አሸተተና ላሰው። ዐፊፋ የያዘችው ቅል ከእጇ ሊወድቅ ምንም አልቀረውም። ዘንዶ ያላስደነገጣት ሴት ሽማግሌ ድንጋይ ሲልስ አይታ ክው አለች። የድንጋይ ሰው አለችው፤ ስሙ ያው ሆኖ ቀረ።

የቅጠል ሰው ደግሞ ቀጭን፣ አንገቱ በፀሐይ የተላጠ ነው። ፍየል የማይበላውን ሣር ከነሥሩ ነቅሎ፣ አፈሩን በብሩሽ ጠርጎ፣ እንደ ሕፃን በወረቀት ጠቅልሎ ያስተኛዋል። የጉንዳን ሰው ቀኑን ሙሉ በሆዱ ተኝቶ ጉንዳን ያያል፤ ማየቱ ሳያንሰው አንስቶ አረቄ ውስጥ ይጨምራል። ዐፊፋ ይህን ለኻሚስ ስትነግረው ትከሻው ሲነቃነቅ ዋለ። የአየር ሰው ጉዳዩ ከሰማይ ጋር ነው። በቀጭን ብርጭቆ ውስጥ ብር የመሰለ ፈሳሽ አለው፤ ሲወጣና ሲወርድ እያየ ይተክዛል። አልፎ አልፎም ውሃ ያፈላና ሻይ ሳያደርገው ይደፋዋል። ለዐፊፋ ከሁሉም የከፋው ይህ ነበር፤ ውሃውን ከሩቅ የምትቀዳው እሷ ናታ።

አምስተኛው የቃል ሰው ነው። ወጣት፣ ትሑት፣ አረብኛውም ከሁሉም የተሻለ። «ይህ በናንተ ቋንቋ ምን ይባላል?» እያለ እንጨቱን፣ እሳቱን፣ ጉልበቷን ሁሉ ይጠይቃታል። እየሳቀች ትነግረዋለች። አንድ ቀን «ባሌ ሞተ በይልኝ» አላት።

ዐፊፋ ደነገጠች። ይህ ከድንጋዩ መላስ ጋር የሚወዳደር ድንጋጤ አልነበረም። «ባሌ እዚያ አለ» አለችው፣ ኻሚስን እያሳየች። ሰውዬው አውቃለሁ፣ ለምሳሌ ያህል ነው አላት። ለምሳሌ የሚባል ነገር በእሷ ዘንድ የለም፤ የተነገረ ተነገረ ነው። በስንት ልመና «ዶሮዬ ሞተች» አለችለት፣ እሱም በዚያው ረካ። የአንድ ሰው ዕውቀት ሌላውን ሰው ምን ያህል እንደሚያስደነግጥ ያ ልጅ መቼም አልተረዳውም።

በሚያዝያ መጨረሻ ጉዞው ወደ ቆላው ወርዶ አንድ ኾር ዳር ሰፈረ። ኾር የሚሉት ዝናብ ሲመጣ ብቻ የሚፈስ የአሸዋ ወንዝ ነው፤ በበጋ ነጭ መንገድ ይመስላል። ዐፊፋ የተራራ ልጅ ናት፤ የተራራ ጅረት ሲሞላ ዓይኗ እያየ ነው የሚሞላው፣ ሸሽታ ትወጣለች። የቆላ ኾር ጠባይ ባዕዷ ነው። ኻሚስም በሌላ መንገድ የሚነዳ ሰው ስለነበር በዚያ በኩል አልፎ አያውቅም።

ድንኳኑ ከዳርቻው በላይ፣ ዋርካ ሥር ተተከለ። ጠቡ የመጣው ሳጥኑን በማስቀመጥ ነው። እስከዚያ ድረስ አምስቱ በአንድ ነገር ሲስማሙ ያየ ሰው የለም። የቅጠል ሰው ጥላ ይፈልጋል። የድንጋይ ሰው ሳጥኑ ከባድ ስለሆነ ሜዳ ካልሆነ አይሆንም ይላል። የጉንዳን ሰው ዋርካው ሥር ምስጥ አለ፣ ሳጥኔን ይበላዋል ብሎ አሻፈረኝ አለ። የአየር ሰው ብርጭቆዎቹን ነፋስ እንዳያገኛቸው ይፈራል። ቢወጡ ቢወርዱ ይህን ሁሉ የሚያሟላ አንድ ቦታ ብቻ ተገኘ፤ ከዳርቻው ግርጌ ያለው የኾሩ አሸዋ። ጥላ አለው፣ ሜዳ ነው፣ ምስጥ የለውም፣ ነፋስ አይገባበትም። በዚህ አምስቱም ተስማምተው ተጨባበጡ። ኻሚስ አህዮቹን ይዞ ሳጥኖቹን እንዲጠብቅ ከታች ተመደበ። አሸዋው ለስላሳ ነው፤ ደስ አለው።

ዐፊፋ ምግቡን የምታደርሰው ለየአንዳንዱ ባለበት ነው፤ ተበታትነው ነዋ የሚውሉት። ስታደርስም ያወሯታል። የሚያዳምጣቸው ያጡ ሰዎች ነበሩ፤ ጆሮ ለሰጠቻቸው ወጥ ሠሪ በተሰባበረ አረብኛ ያለ የሌለውን ይዘከዝኩላታል። እሷም መስማት አትጠላም። እንዲያውም በዕውቀታቸው ትገረም ነበር፤ ምድር ያልተናገረችውን ከየት ያመጡታል እያለች።

የቃል ሰው በአቅራቢያው መንደር ዐዋጢፍ የምትባል አሮጊት ዘንድ ተረት ሊሰማ ሲሄድ ዐፊፋን አስከትሏት ሄደ። ዐዋጢፍ ስለ አንዲት ሙሽራ አወራች። ሚዜዎቹ በጠራራ ፀሐይ ኾሩ ውስጥ ለምሳ ተቀምጠው ከበሮ ሲመቱ፣ ከበሮው የሚመጣውን ጎርፍ ድምፅ ዋጠው፤ ሙሽራይቱም ሚዜዎቹም አብረው ሄዱ። የቃል ሰው በደስታ ፊቱ በራ። ይህን ተረት ሌላ አገርም በሌላ መልክ እንዳገኘው ለዐፊፋ ነገራት። ተረት ነው አለ፣ ተረት ነው አለች።

የድንጋይ ሰው ደግሞ የዳርቻውን ግድግዳ በቢላዋ ልጦ አሳያት። ከታች ድቡልቡል አለት፣ ከላዩ ጠጠር፣ ከዚያ አሸዋ፣ እንደገና አለት። «ይህ ሁሉ በዓመታት የመጣ ይመስልሻል? በአንድ ከሰዓት በኋላ ነው የመጣው» አላት፣ አለቱን እየደበደበ። አለቱ የበሬ ራስ ያህላል። ዐፊፋ አፏን በእጇ ይዛ ቀረች። ይህን ያወቀ ሰው ምን ያላወቀው ይኖራል ብላ ለኻሚስ ስትነግረው «አዋቂዎች ናቸው» አለ እሱም፣ ከአህዮቹ አንዱን እያከከ።

አንድ ቀን ታዲያ፣ ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ የዋርካው ቅጠል እንኳ ሳይነቃነቅ፣ ምሳ ልታደርስ ወጣች። መጀመሪያ የደረሰችው ከቅጠል ሰው ነው። ዛፍ ላይ ወጥቶ አገኘችው። ከሰው ቁመት በላይ ቅርንጫፉ ላይ የተጠማዘዘ ደረቅ ሣር እያሳየ፣ ይህን ውሃ ነው እዚህ የሰቀለው አላት። ደግሞ ከተራራ የመጣ ሣር ነው፣ እዚህ አይበቅልም። በጣም ደስ ብሎታል። ዐፊፋ ከሣሩ ወደ አሸዋው፣ ከአሸዋው ወደ ሣሩ አየች። ሣሩ ኻሚስ ከሚተኛበት ምን ያህል ከፍ እንደሚል ዓይኗ በራሱ ለካው።

ቀጥላ የጉንዳን ሰው ጋ ደረሰች። ተቆጥቶ ነበር። ኾሩ ውስጥ ብዙ ቀን ያጠናቸው ጉንዳኖች ከትናንት ጀምሮ እንቁላላቸውን ተሸክመው ወደ ዳርቻው ወጥተዋል፣ ጉድጓዱ ባዶ ነው። ሥራዬ ተበላሸ እያለ ገንፎውን ሳይቀምስ አስቀመጠው።

የመጨረሻው የአየር ሰው ነበር። ብርጭቆውን እያየ «ተራራው ላይ ከትናንት ጀምሮ ኃይለኛ ዝናብ እየጣለ ነው» አላት፣ በምሥራቅ ጠርዝ ላይ የቆመችውን ጥቁር ደመና በጣቱ እያሳየ። እዚህ ግን ዛሬ አይዘንብም፣ አትስጊ፣ ልብስሽን አስጪ።

እዚያ ላይ ዐፊፋ ቆመች። ጉንዳኑ፣ ሣሩ፣ አለቱ፣ ደመናው፣ የአሮጊቷ ሙሽራ አንድ ላይ መጥተው ፊቷ ተደረደሩ። ቀጥሎ ደግሞ ራሷን አጽናናች፤ እነሱ የነገሯት እኮ ነው። ከአንድ ኸልዋ ናቸው፣ በአንድ ገበታ ይበላሉ፣ እራት ላይ ሲነጋገሩ በየቀኑ ታያለች። የሚያሰጋ ነገር ቢኖር ሳጥናቸውን እዚያ ያኖሩት ነበር? ሳጥናቸውን ከነፍሳቸው አብልጠው የሚወዱ ሰዎች። ይህን እያሰበች ወደ ኾሩ መሮጥ ሲገባት ወደ ቀናው ሄደች። ቀናው ዋርካው ሥር ቁምጣውን እየጠገነ ነበር።

«ያ ቀናው፣ እነሱ ሰው አንዱ ያወቀው ሁሉ ያውቃል፣ አይደል?»

«እንዴት ብሎ?»

«ማታ ይነጋገራል። እኔ ያያል። ብዙ ይነጋገራል።»

ቀናው ሳቀ። «እቴ፣ እነሱ አይነጋገሩም። የድንጋዩ ስለ ድንጋይ ያወራል፣ የቅጠሉ ተራው እስኪደርሰው ሹካውን ይጠርጋል። እሱ ስለ ቅጠል ሲጀምር ደግሞ የድንጋዩ ያንቀላፋል። እኔ ስንት ጊዜ ታዘብኳቸው። አንዱ ሌላውን አይሰማም።»

«ውሃ ይመጣል ብሎ አልተነጋገረም?»

«የምን ውሃ?»

ዐፊፋ የነገሯትን ሁሉ በዚያ በተሰባበረ አማርኛዋ አንድ በአንድ ነገረችው። ቅጠል እንዲህ አለ፣ ጉንዳን እንዲህ አለ፣ ብርጭቆ እንዲህ አለ። ቀናው መርፌውን እንደያዘ ፊቱ እየተለወጠ ሄደ። «ለኔ ማንም አልነገረኝም» አለ። ያን ጊዜ ነው የደነገጠችው። ከዚያ በፊት የደነገጠችው ሁሉ ጨዋታ ነበር። ሁሉም ያውቃሉ፣ ማንም ግን አያውቅም። እንዲህ ያለ ነገር በምድር ላይ ይኖራል ብሎ የነገራት ሰው አልነበረም። መሮጥ ጀመረች።

ዳርቻው ላይ ስትደርስ ኻሚስ ሳጥኖቹን ተደግፎ የጭነት ገመድ ይፈትላል። ፀሐይ ነው። አሸዋው ነጭ ነው። «ውጣ!» አለችው በቋንቋቸው። «ኻሚስ፣ ውሃ ይመጣል፣ አሁን ውጣ።» ኻሚስ ሰማዩን ቀና ብሎ አየና ትከሻው ነቅነቅ አለ። ወዲያው ግን ፊቷን አየው። ባሏ ነው፤ ፊቷ እንዲያ ሲሆን አይቶ አያውቅም። ለምን ብሎ ሳይጠይቅ ተነሣ።

ቢነሣም ብቻውን አልወጣም። አህዮቹ በገመድ ታስረዋል። ገመድ መቁረጥ ጀመረ፤ የፈታውን አህያ መቀመጫውን እየመታ ወደ ዳርቻው ይሰዳል። አህዮቹ አንድ በአንድ እየተንደረደሩ በዐፊፋ አጠገብ አለፉ። «ተዋቸው» ትላለች። «መጣሁ» ይላል። ከላይ፣ ከኾሩ መታጠፊያ ወዲያ፣ ብዙ ከብት አብሮ ሲሮጥ የሚሰማ ዓይነት ድምፅ መጣ። አንዲት አህያ ብቻ ቀርታ ነበር፤ እግሯን ስለሚያማት በአጭሩ የታሰረች። ኻሚስ ወደ ዐፊፋ አየ፣ ወደ አህያይቱ አየ፣ ወደ አህያይቱ ተመለሰ።

ውሃው ውሃ አይመስልም ነበር። ቡናማ ግድግዳ ነው፣ ግንዱን ከነሥሩ ከፊቱ እየገፋ። ከላዩ ፀሐይ እንደወጣች ነው፤ አንዲት ጠብታ ከሰማይ አልወደቀችም። ሳጥኖቹ ተነሥተው እርስ በርስ ተላጉና ጠፉ። ኻሚስን ስትፈልገው ቦታው ራሱ አልነበረም። ዐፊፋ አልጮኸችም። ቆማ ቀረች፣ እጇን እንደዘረጋች።

ነጮቹ ከያሉበት እየሮጡ መጡ። እነሱም በሰው ወግ ደነገጡ፤ ይህን አለማለት ግፍ ነው። የቅጠል ሰው አፈሩ ላይ ቁጭ ብሎ አለቀሰ፤ ለኻሚስ ይሁን ለሣሩ ማንም አልጠየቀውም። ቀናውና የመንደሩ ሰዎች ዳርቻውን ይዘው እስኪመሽ ወደ ታች ፈለጉ። አላገኙትም። ኾሩ ከታች ተበታትኖ ብዙ ቦታ ይታጠፋል፣ ሸምበቆው ጥቅጥቅ ያለ ነው፣ ውሃው ገና አልጎደለም። አንዳንዱ የቱማት ወንዝ ወስዶታል፣ ከእንግዲህ ሱዳን ነው አለ።

ዐፊፋ ያንን ሰማች። የመጀመሪያ ባሏ ወደ ሱዳን ሄዶ ቀርቷል፤ መቃብር የለውም። ሁለተኛውን እንዲሁ አልሰጥም አለች። በነጋታው ጠዋት አምስቱ በየራሳቸው የቀረውን ሲለቅሙ ሳለ ወደ ገበታቸው ሄደች። ገንፎ አልያዘችም። መሬት ላይ ተቀመጠችና ቀናውን «ጥራቸው» አለችው። «ሁሉም ይቀመጣል። አንዱ ይናገራል፣ ሌላው አይጽፍም፣ አይተኛም፣ ይሰማል። ውሃ ሰው የት ያስቀምጣል፣ በለው።»

ቀናው ነገራቸው። አምስቱ ተያዩ። አፍረው ይሁን ፈርተው፣ ተቀመጡ።

የድንጋይ ሰው ውሃ ከባዱን ነገር የሚጥለው በመታጠፊያው ውስጠኛ በኩል፣ ፍጥነቱ በሚቀንስበት ነው አለ፤ ከቦታዎቹም ሁለቱን ጠቀሰ። የቅጠል ሰው ቀና አለ። ከሁለቱ በአንደኛው፣ ከታችኛው፣ ሥሩ ወደ ውሃ የሚወርድ ቁጥቋጦ እንዳለ፣ ያገኘውን ሁሉ እንደሚይዝ፣ እሱም እዚያ ገብቶ ልብሱ ተይዞበት እንደነበር ተናገረ። የአየር ሰው ተራራው ላይ ዝናቡ ከትናንት ማታ ጀምሮ ቆሟል፣ ከቀትር በፊት ውሃው ጉልበት ድረስ ይወርዳል፣ መግባት ይቻላል አለ። የቃል ሰው እዚያ መታጠፊያ ላይ ዓሣ የሚያጠምድ፣ ዋና የሚችል ማህጁብ የሚባል ሰው አውቃለሁ፣ ቤቱም ቅርብ ነው አለ። የቀረው የጉንዳን ሰው ነበር። ዐፊፋን ሳያይ፣ አረንጓዴ ዝንብ ወዳለበት ሂዱ አለ።

ይህን ለመናገር አንድ ቁርስ የመብላት ያህል ጊዜ እንኳ አልፈጀባቸውም።

ዐፊፋ ከዚያ በኋላ ረጅም ዕድሜ ኖራለች። ወደ ቶንጎ ተመልሳ በእህቷ ልጆች መካከል አረጀች፣ ወርቅ አጠበች፣ አህያ አረባች፣ ሌላ ባል ሲጠይቃት ሳቀችበት። ስለ አምስቱ የሚጠይቃት ሰው ሲመጣ ግን ውሃው ስለመጣበት ቀን አታወራም ነበር። የምታወራው ስለ ማግስቱ ቀትር ነው፤ እስከ መጨረሻው ድረስ ሊዋጥላት ያልቻለው እሱ ነው።

ፀሐይ አናት ላይ ሳትደርስ አገኙት። ታችኛው መታጠፊያ ላይ፣ ውስጠኛው በኩል፣ ቁጥቋጦው ደረቱን አቅፎ ይዞታል። ማህጁብ ገብቶ አወጣው። ፊቱ አልተጎዳም ነበር። በእጁ የተቆረጠ ገመድ ይዟል። አሸዋው ላይ አስተኙት፣ ቀናው ነጠላውን አውልቆ አለበሰው። አምስቱ ባርኔጣቸውን አውልቀው ዙሪያውን ቆሙ።

ዐፊፋ ባሏን አየች፣ ከዚያ አንድ በአንድ እነሱን አየች። እንዲህ ቀላል ነበር። ጥበባቸው ውሸት ቢሆን ኖሮ በቀለላት፤ ውሸት አልነበረም። ያሉት ሁሉ እውነት ነው፣ ያሉት ቦታ ላይ ነው ያገኙት።

«ያ ቀናው» አለች፣ ድምፅዋን ሳታነሣ። «ንገር። እንዲህ ተቀምጦ መነጋገር ትናንት ጠዋት ቢደረግ ኻሚስ አይሞትም ነበር።»

ቀናው በትርጉም ቃል ማሳጠር፣ ማለስለስ ልማዱ ነው፤ እንጀራውም ያ ነው። ይህን ግን አላለሰለሰም። ለየአንዳንዳቸውም አልዞረም። መሐል ላይ ቆሞ አንድ ጊዜ ተናገረው፣ አምስቱም አብረው ሰሙት። ዐፊፋ ተንበርክካ ከኻሚስ ጆሮ ውስጥ አሸዋውን በጣቷ ታወጣ ጀመር።